ጥንቸል ያበላ የነበረው ሐኪም
የኒኮላይ አኒችኮቭ የሕይወት ታሪክ



የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ በሚወጣበት ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ደራስያን ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ተራው ሲደርሰኝ ጥንቸል ሲያበላ ስለ ኖረ አንድ የሩስያ ሐኪም ልጽፍ ወደድሁ። ስለ ምን እርሱን እንደ መረጥሁ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ኒኮላይ ኒኮላየቪች አኒችኮቭ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ወገኑ ከመኳንንት ነበር። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ ሊቃውንት በድኽነት አድጎ በኩራዝ ብርሃን ተማረ ብዬ ልጽፍ አልችልም፤ ምቾት አልጐደለበትም። ነገር ግን ምቾት ያላቸው ሁሉ ትጋት የላቸውምና በዚህ ይመሰገናል። በ1903 ወደ ጦር ሠራዊቱ የሕክምና አካዳሚ ገብቶ በ1909 ተመረቀ፤ በ1912ም ስለ ልብ ጡንቻ መቆጣት በጻፈው ጥናት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በዚያ ጥናት የገለጻቸው የልብ ሕዋሳት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ።

በዚያን ዘመን ኢግናቶቭስኪ የሚባል ሌላ የሩስያ ሐኪም ጥንቸሎችን ሥጋ፥ ወተትና እንቁላል እያበላ ደም ሥራቸው ሲደነድን አይቶ ነበር። ጥፋተኛው ፕሮቲን ነው ብሎም ፈረደ። በኋላ ግን በዚያው ከተማ የነበሩ መርማሪዎች ምግቦቹን ለያይተው ቢሞክሩ ሥጋውና የእንቁላሉ ነጭ አንዳች አላደረጉም፤ ጉዳቱን ያመጣው አስኳሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አኒችኮቭም ከባልደረባው ከሴምዮን ኻላቶቭ ጋር ሆኖ ጥያቄውን ይበልጥ አጠበበው። ኮሌስትሮል የሚባለውን ሰም መሰል ነገር ከአስኳል አጥርተው አወጡት፤ በሱፍ አበባ ዘይትም አሟሙተው ለጥንቸሎች ይሰጡ ጀመር። ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ውስጡ በቢጫ ስብ ተለጠፈ። ይህን በ1913 በጀርመንኛ ቋንቋ አሳተሙት።

ዓለም ግን እልል ብሎ አልተቀበለውም። ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ ምግብ ለአይጥና ለውሻ ቢሰጡ እንስሶቹ ምንም አልሆኑም። ስለዚህ ጥንቸል ቅጠል የምትበላ ፍጥረት ናትና የእርስዋ ሕመም ለሰው ምሳሌ አይሆንም ተባለ። እኔም ይህን መጀመሪያ ሳነብ ተቺዎቹ ትክክል መሰሉኝ። አኒችኮቭ ግን አንዱ ፍጥረት ስቡን ከደሙ ቶሎ ሲያስወግድ ሌላው እንደማይችል ተገንዝቦ ነበር። በጥንቸል ደም ውስጥ ኮሌስትሮሉ እጅግ ይበዛል፤ በአይጥና በውሻ ደም ግን ያን ያህል አይጨምርም። ደግሞም ምግብ ብቻውን ይገድላል አላለም፤ የደም ግፊትንና የደም ሥሩን ግድግዳ ሁኔታ አብሮ ይቈጥር ነበር።

የቀረውን ሕይወቱን በአጭሩ ልለፈው። ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በፍራይቡርግ ከታወቀው ሊቅ ከአሾፍ ዘንድ ሠራ፤ የ1914ቱ ጦርነት ሲነሣ ወደ አገሩ ተመልሶ ቁስለኞችን አከመ። ከ1920 ጀምሮ በተማረበት አካዳሚ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1943 የሕክምና ክፍል ሌተና ጄኔራል ተባለ፤ ከ1946 እስከ 1953 ደግሞ የሶቪየት ኅብረት የሕክምና ሳይንስ አካዳሚን በፕሬዚዳንትነት መራ። ይህ ሁሉ ማዕርግ ታላቅ ነው፤ ለእኔ ግን ከጥንቸሎቹ አይበልጥብኝም።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ከሁለት ዓመት በፊት የአባቴ ታላቅ ወንድም በ44 ዓመታቸው በድንገት ዐረፉ። ልባቸው ቆመ። ለሣልስቱ የተሰበሰቡት ዘመዶች ጥፋቱን በባለቤታቸው ላይ አደረጉት፤ ወጡን ቅቤ እያበዛች እርስዋ ናት የገደለችው ተባለ። እትዬ ይህን በጆሮአቸው ሰሙ፤ ከዚያም ወዲህ ቤታችን አልመጡም። እኔም በመንገድ ሳገኛቸው አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር። አያቴም በወጣትነታቸው እንዲሁ በድንገት እንደ ሞቱ፥ ያን ጊዜም እትዬ ገና ቤታችን እንዳልገቡ ማንም አላስታወሰም።

ባለፈው ዓመት አባቴን ደረታቸውን ሲያማቸው ሐኪሙ ደማቸውን መርምሮ ኮሌስትሮላቸው እጅግ ከፍ ብሎ አገኘው፤ እኔንና እኅቴንም አስጠራን። የእኅቴ ደኅና ነበር፤ የእኔ ግን እንደ አባቴ ሆነ። ከአንድ መሶብ የበላን፥ አንድ ጾም የጾምን ነን! ያን ጊዜ ነው ጥንቸልና አይጥ ትዝ ያሉኝ።

አኒችኮቭ ባሳየው መንገድ ሌሎች ሄደውበታል። ስብ በውሃ እንደማይሟሟ ሁሉ በደምም አይሟሟም፤ ስለዚህ ሊፖፕሮቲን የሚባሉ ጥቃቅን ተሸካሚዎች ያጓጉዙታል። በ1938 ካርል ሙለር የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ከፍተኛ ኮሌስትሮልና የልብ ሕመም በቤተ ሰብ ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚወርዱ ጻፈ። ብራውንና ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደግሞ ምክንያቱን አገኙ፤ ይኸውም በሕዋስ ላይ ሆኖ ተሸካሚውን የሚቀበለው በር በአንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ጐደሎ ነው። ለዚህም በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እጅግ የሚያስደንቀው ግን በ1973 ዮሺዮ ዋታናቤ የተባለ ጃፓናዊ በኮቤ ያገኘው ጥንቸል ነው። ምንም ኮሌስትሮል ሳይበላ ደሙ በኮሌስትሮል የተሞላ ነበር፤ ዘሩም ቢመረመር ያው በር ጐደሎ ሆኖ ተገኘ። አኒችኮቭ በምግብ ያደረገውን ይህ ጥንቸል በውርስ አገኘው።

ይህ ውርስ በሕዝቦች መካከልም ይለያያል። በብዙ አገር ከ300 ሰዎች አንዱ ያህል ይህ ጕድለት ሲኖርበት፥ ከጥቂት ሰፋሪዎች በተወለዱት የደቡብ አፍሪካ አፍሪካነሮች ዘንድ ቍጥሩ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ ከአፍሪካ ዘር የሆኑ ሰዎች ለልብ የሚጠቅም ውርስ ይዘው ተገኙ። በ2006 በታተመ ጥናት ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ከመቶው ሁለት ተኩል ያህሉ ፒ.ሲ.ኤስ.ኬ.9 የሚባለው ዘረ መላቸው የማይሠራ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ጎጂ ኮሌስትሮል 28 በመቶ ዝቅ ያለ፥ የልብ ሕመማቸውም 88 በመቶ ያነሰ ነበር። በዚህ እንዳንታበይ ደግሞ በ1963 ኖርዌያዊው ኮሬ በርግ ያገኘው ኤል.ፒ.ኤ የሚባለው ሌላ ጎጂ ተሸካሚ ከአፍሪካ ዘር በሆኑ ሰዎች ደም ውስጥ ከአውሮፓውያን ይልቅ ይበዛል።

ቅቤ ንጹሕ ነው አልልም፤ ሐኪሙም እንድቀንስ አዝዞኛል፤ ማታ ማታም ክኒን እውጣለሁ። ነገር ግን በአጎቴ ደም የነበረውን እትዬ አላመጡትም።

አኒችኮቭ በ1964 በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ላይ በሌኒንግራድ ዐረፈ። የሞተውም ዕድሜውን ሙሉ በመረመረው በዚያው በልብ ሕመም ነው።

የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ይዤ ባለፈው እሑድ ወደ እትዬ ቤት ሄድሁ። እዚያ የላከኝ የጥንቸሎቹ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ አጎቴ ሁለት ልጆች ትተዋል፥ ሐኪሙም የወንድማቸው ልጆች ሳይመረመሩ እንዳይቀሩ ብሎ ነበር፤ ከኵርፊያው የተነሣ ግን ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እትዬ ቡና እያፈሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስለ አያቴ አሟሟት ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ዝም ብለው ሲኒዬን ሞሉልኝ። ሰኞ ጧት አባቴ ራሳቸው ከእትዬ ጋር ሆነው ልጆቹን ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱ፤ ውጤቱ ይህ መጽሔት ታትሞ ሳይወጣ ይደርሳል።