ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ሁለቱ በሮች

የአፍሪካ ቀንድን ካርታ ዘርጉና ሁለት ስፍራዎችን ፈልጉ። አንደኛው በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው ምጽዋ ነው። ሁለተኛው ከጎንደር በስተምዕራብ፣ ደጋው አልቆ የሱዳን ሜዳ በሚጀምርበት ቆላ ያለው መተማ ነው። የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል እንዳለፈ ካስተዋላችሁ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሩቅ ቆላ ለምን እንደ ወደቁ ለመረዳት አይቸግራችሁም።

ዮሐንስ ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ምርጫ ይባሉ ነበር። የተወለዱት በ1829 ዓ.ም. ገደማ በተምቤን ነው። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፣ እናታቸው ወይዘሮ ሥላስ ድምፁ ይባላሉ። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት ካሣ መንገድ ሰጡት፤ ጦሩም ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ይህ ሥራቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ካሣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን አድዋ አጠገብ ድል አድርገው፣ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጫኑ።

ለመሆኑ በዚያን ዘመን ኃያላኑን ወደ ቀይ ባሕር የሳባቸው ምን ነበር? ዛሬ መንግሥታትን ከሚያወዳጁና ከሚያጣሉ ነገሮች አንዱ ነዳጅ ዘይት ነው፤ ያኔ ይህን ቦታ የያዘው የድንጋይ ከሰል ነበር። የስዊዝ ቦይ በኅዳር 1862 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በእንፋሎት የሚሄዱ የአውሮፓ መርከቦች በቀይ ባሕር ይመላለሱ ጀመር። እነዚህ መርከቦች በየመንገዱ ከሰል የሚጭኑበት ማረፊያ ያሻቸዋል። ሩባቲኖ የተባለው የኢጣሊያ የመርከብ ኩባንያ የአሰብን ዳርቻ ከአካባቢው ሹማምንት የገዛው ቦዩ በተከፈተበት በዚያው ዓመት ነው። በ1874 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣሊያ መንግሥት ስፍራውን ከኩባንያው ተረከበ። የቅኝ ግዛት እግር በዚህ አኳኋን ተተከለ።

ምጽዋን ግን ገና ግብፆች ይዘውት ነበር። ግብፆች ከዚያ ተነሥተው ደጋውን ሊይዙ ቢዘምቱ፣ ዮሐንስ በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ በየካቲትም በጉራ ድል አደረጓቸው። ድሉ ታላቅ ቢሆንም ወደቡን አላስገኘላቸውም፤ መሣሪያና ሸቀጥ የሚገባበት በር እንደ ተዘጋባቸው ቀረ። በአገር ውስጥ በ1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክን በልቼ ስምምነት አስገበሩ። በዚያው ዓመት ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች በግድ ክርስትና ማስነሣታቸው ግን፣ ከሥራቸው ሁሉ የከፋ ቁስል የተወ ነው።

አሁን ወደ መተማ እንመለስ። መተማ የታወቀች ገበያ ነበረች። ከደጋው ቡናና ሰም፣ ያሳዝናል እንጂ ባሪያዎችም ይወርዱባት ነበር። ተክሩር የሚባሉት ሼኮቿ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብሩ ነበር፤ በሁለት ኃያላን መካከል የሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ዘዴ አለው? ማኅዲ በሱዳን ተነሥቶ የግብፅን ጦር በየምሽጉ ሲከብብ ግን ይህ ኑሮ አበቃ።

ግብፅን የያዙት እንግሊዞች የተከበበውን ጦር ለማውጣት የዮሐንስን እርዳታ ፈለጉ። በግንቦት 1876 ዓ.ም. በአድዋ በተፈረመው ውል ዮሐንስ የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ፤ በምላሹም የቦጎስ አገር እንዲመለስላቸው፣ ሸቀጣቸውና መሣሪያቸው በምጽዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ቃል ተገባላቸው። ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። ውሉ ዓመት ሳይሞላው ግን፣ በጥር 1877 ዓ.ም.፣ ኢጣሊያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች። ልብ በሉ፤ ዮሐንስ ለእንግሊዝ ብለው የደርቡሾችን ጠላትነት ገዙ፤ ዋጋ ሊሆናቸው የነበረው ወደብ ደግሞ ለሌላ ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም በሮች በአንድ ጊዜ እሳት ሆኑ። ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. ደርቡሾችን በኩፊት፣ በጥር 1879 ዓ.ም. ኢጣሊያኖችን በዶጋሊ አሸነፉ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም መተማን መቱ። በቀጣዩ ዓመት ግን አቡ አንጃ የሚመራው የደርቡሽ ጦር ተክለ ሃይማኖትን በሣር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። ዮሐንስ በመጋቢት 1880 ዓ.ም. እስከ ሰዓጢ ወርደው ከኢጣሊያኖች ምሽግ ፊት ቢሰፍሩም ሳይዋጉ ተመለሱ። አውሮፓውያን የሁለቱም ጠላቶች ስለ ሆኑ እርቅ ይሻላል ብለው ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ላኩ። የመጣላቸው መልስ ስድብና እስልምናን ተቀበሉ የሚል ጥያቄ ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የዮሐንስ ሠራዊት የመተማን አጥር ሰብሮ ገባ። ድሉ በእጁ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ። ዮሐንስ ራስ መንገሻን ወራሼ ብለው ዐረፉ። ደርቡሾች አስከሬኑን ይዞ የሚያፈገፍገውን ጦር ተከትለው ደረሱበት፤ ራሳቸውንም ቆርጠው ወደ ኦምዱርማን ወሰዱት። ሁለት ወር ሳይሞላ ምኒልክ የውጫሌን ውል ፈረሙ።

በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው የወሰን ውል ጋላባት በሱዳን፣ መተማ በኢትዮጵያ ቀሩ። ለከሰል ማረፊያ ተብሎ የተያዘው አሰብ በ1950ዎቹ መጨረሻ የነዳጅ ማጣሪያ ተሠራበት፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን ወደቡ ለኢትዮጵያ ተዘጋ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ቤንዚን ወደ ኢትዮጵያ መግባት ሲጀምር፣ ቦቴዎቹ ዐፄ ዮሐንስ በወደቁባት በመተማ በኩል አቀበቱን ይዘው ወደ ጎንደር ወጡ።