የኮበለለውን የሚፈልግ እረኛ፦ የአውግስጢኖስ ሕይወት

በሰሜን አፍሪካ የክርስትና ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ አባቶች አንዱ የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ነው። እ.ኤ.አ. በ354 ዓ.ም. በዛሬዋ አልጄሪያ፣ ታጋስት በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ፓትሪክዮስ መጠነኛ መሬት የነበረው የከተማዋ ምክር ቤት አባል ሲሆን፣ ክርስትናን የተቀበለው በሕይወቱ ማብቂያ ላይ ነው። እናቱ ሞኒካ ግን በእምነቷ የጸናች ነበረች። በዚያ ዘመን ጥምቀትን ማዘግየት የተለመደ ስለነበር ሕፃኑ ወዲያው አልተጠመቀም፤ ሆኖም በመስቀል ምልክት ታተመ፣ ጨውም ቀመሰ። ገና ነፍስ ሳያውቅ የእግዚአብሔር መሆኑ ተመሰከረለት።

ልጁ ሲያድግ ግን ምልክቱን ረሳ። በ16 ዓመቱ፣ አባቱ ለትምህርቱ ገንዘብ እስኪያገኝ ሥራ ፈትቶ ቤት በዋለበት ጊዜ፣ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት የጎረቤት ዛፍ አራግፎ ፍሬውን ለእሪያዎች ጣለ። ተርቦ አልነበረም፤ ያስደሰተው ጥፋቱ ራሱ ነበር። ከዚያም በካርቴጅ ከተማ እየተማረ ሳለ ያለ ጋብቻ ከአንዲት ሴት ጋር መኖር ጀመረ፤ አዴኦዳቱስ የተባለ ልጅም ወለደ። የማኒን ትምህርት ተከትሎም 9 ዓመት ያህል ቆየ። ያ ትምህርት ኃጢአትን በሰው ውስጥ ላለ የጨለማ ኃይል የሚሰጥ በመሆኑ፣ ጥፋቱን ከራሱ ለማራቅ ተመችቶት ነበር።

ሞኒካ ስለ ልጇ ሌት ተቀን ታለቅስ ነበር። በ383 ዓ.ም. ወደ ሮም ሊሄድ ሲነሣ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ተከተለችው። እርሱ ግን አታለላትና፣ በአቅራቢያው ባለ ጸሎት ቤት በጸሎት ባደረችበት ሌሊት በመርከብ ተሻግሮ ሄደ። እናት ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ በኋላ ባሕር አቋርጣ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ በተሾመባት በሚላን ከተማ አገኘችው።

በሚላን የጳጳሱን የአምብሮስን ስብከት መስማት ጀመረ። በመጀመሪያ የማረከው የንግግሩ ውበት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ቃሉ ልቡን ዘለቀው። መመለሱ ግን ያለ ሕመም አልሆነም። ለክብሩ የሚመጥን ጋብቻ ሲታሰብለት የልጁ እናት ወደ አፍሪካ ተሰናበተች፤ ልጇንም ትታ ሄደች። እርሱም ቁስሉ ብዙ ጊዜ እንዳልሻረለት መስክሯል።

በ386 ዓ.ም. በአንድ የአትክልት ስፍራ እያለቀሰ ሳለ፣ አንሥተህ አንብብ የሚል የሕፃን ድምፅ ሰማ፤ የጳውሎስንም መልእክት ገልጦ አነበበ። በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ከልጁ ጋር በአምብሮስ እጅ ተጠመቀ። ሞኒካም የለመነችውን አይታ በዚያው ዓመት በኦስቲያ ዐረፈች።

ወደ አገሩ ተመልሶ ሂፖ ላይ ከተሾመ በኋላ፣ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ ያለፈ ሕይወቱን መረመረ። እውነትን ሲፈልግ የኖረው እርሱ ይመስለው ነበር፤ ወደ ኋላ ሲያይ ግን ተፈላጊው ራሱ ሆኖ አገኘው።

ይህ መረዳት በእረኝነት ሥራውም ተፈተነ። ዶናቲስቶች የሚባሉት ክርስቲያኖች ከእነርሱ ወገን ውጭ የተፈጸመውን ጥምቀት ስለማይቀበሉ ሰውን ዳግም ያጠምቁ ነበር። አውግስጢኖስ ግን ጥምቀት የክርስቶስ ማኅተም ነው ብሎ አስተማረ። የባለቤቱ ምልክት ያለበት በግ ከመንጋው ቢወጣም ምልክቱ አይጠፋም፤ ሲገኝ ወደ በረቱ ይመለሳል እንጂ ሌላ ምልክት አይደረግበትም። ይሁንና የኋላ ኋላ ተለያይተው የቆዩት በመንግሥት ሕግ ተገድደው እንዲመለሱ መደገፉ እስከ ዛሬ ያስወቅሰዋል። እርሱ ራሱ በእንባና በትዕግሥት ተፈልጎ የተገኘ ሰው ነበርና።

በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች ሂፖን ከብበው ሳለ በጽኑ ታመመ። የንስሐ መዝሙራት ተጽፈው ከአልጋው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፉለት አደረገ፤ እያነበበም ያለቅስ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ከ40 ዓመት በላይ በክርስትና የኖረው ጳጳስ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ራሱን የቆጠረው ጠፍቶ ከተገኘው በግ ጋር ነበር።