ሳይፈረድበት 15 ዓመት የታሰረው መሪ፦ ልጅ ኢያሱ ዛሬ ይቅርታ ይደረግለት?

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስታችሁ በገዋኔና በሚሌ አድርጋችሁ ሰመራ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? በመኪናው መስኮት የምታዩት ያ ሜዳ ከ100 ዓመት በፊት ከሥልጣን የተባረረ መሪ ደብቋል። ልጅ ኢያሱን ነው የምላችሁ።

ኢያሱ የወሎ ልጅ ነው። እናቱ የአፄ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ አባቱ ራስ ሚካኤል ናቸው። ራስ ሚካኤል ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። በልጁ ላይ በኋላ የመጣው ጣጣ አንዱ ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

ምኒልክ በጠና ሲታመሙ በ1901 ዓ.ም. ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉት። ገና ታዳጊ ነበር። አያቱ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ አገሩን መግዛት ቀጠለ፤ ዘውድ ግን ጭኖ አያውቅም።

ቤተ መንግሥት መቀመጥ አልሆነለትም። ቆላውን ሲዞር ይከርማል። ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ተወዳጀ፣ በጋብቻም ተሳሰረ። አዲስ አበባ ላይ የቀጨኔ መድኃኔዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራውም እሱ ነው። የሸዋ መኳንንት ግን ሥልጣናቸው ያሰጋቸው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ቱርክና ጀርመን ያዘነብላል ብለው እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያንም ጠመዱት።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. እሱ ሐረር እያለ፣ ሰልሟል ተብሎ ከሥልጣን ወረደ። አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ፍርድ ቤት የለ፣ መከላከያ የለ። በወሩ አባቱ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ።

ኢያሱ ወደ አፋር በረሃ ገባ። እዚህ ጋ ቆም እንበል። ይኸው ሰው ሥልጣን ላይ ሳለ፣ አጥፊው ማን እንደሆነ ሳይለይ በአዋሽ ዳር አፋሮች ላይ የቅጣት ዘመቻ መርቷል። ሲሰደድ ግን መጠለያ ያገኘው እዚያው አፋር ምድር ነው። ብዙዎቻችን ይሄን አልተማርነውም።

በጥር 1913 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ተያዘ። ፍቼ ላይ በራስ ካሣ እጅ ታሰረ። በ1924 ዓ.ም. አምልጦ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ፤ አስመልጠሃል የተባሉት የጎጃሙ ራስ ኃይሉም ንብረታቸውን አጡ። እሱ ወደ ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ተወሰደ። በኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን በወረረን በሁለተኛው ወር፣ እስር ላይ እንዳለ ሞተ። አሟሟቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። መቃብሩም በውል አይታወቅም።

ታዲያ ዛሬ ይቅርታ ይደረግለት?

አሜሪካ ውስጥ የጥቁሮች መብት ታጋዩ ማርከስ ጋርቬይ በ1923 እ.ኤ.አ. ተፈርዶበት ነበር። ፕሬዚዳንት ባይደን በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ይቅርታ አደረጉለት፤ ከሞተ 85 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። በእኛም አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 71 ይቅርታ የማድረግን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ይሰጣል።

ችግሩ ግን ይቅርታ የሚደረገው ለተፈረደበት ሰው ነው። ኢያሱ ላይ የፈረደ ዳኛ የለም። ደግሞም ይቅር ተብለሃል ማለት አጥፍተህ ነበር ማለት ነው። ምን አጠፋ? ከሙስሊሙ ጋር መብላቱና መጋባቱ ወንጀል ከሆነ፣ ተሰዳቢው እሱ ብቻ አይደለም። አፋሩ፣ ሶማሌው፣ የወሎ ሰው ሁሉ ነው።

ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ ይቅርታ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው መንግሥት ያለ ፍርድ ታስሮ መሞቱን በይፋ እንዲያምን፣ መቃብሩም እንዲፈለግ ነው። ሲታመን ግን ሙሉው ይታመን፤ እሱ ራሱ በአዋሽ ዳር ያደረሰውም አብሮ ይነገር። ግማሽ እውነት ሌላ ቂም ነው የሚያተርፈው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ የአዋሽና የሰመራ ልጆች፣ አያቶቻችሁ ስለ ኢያሱ የነገሯችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።