መጽሐፍ ሲፈልጉ የኖሩት መነኩሴ

ነሐሴ 24 ቀን ሲደርስ ብዙዎቻችን የምናስበው የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዕረፍት ነው፡፡ ዕለቱ በፈረንጆቹ ኦገስት 30 ላይ ይውላል፡፡ በዚሁ ቀን በየአገሩ ያሉ የላዛሪስት ማኅበር ካህናት አንድ የጎጃም መነኩሴ በስም ጠርተው ይዘክራሉ፡፡ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ፡፡ እኔን ወደ እሳቸው ታሪክ የሳበኝ የሁለቱ መታሰቢያ በአንድ ቀን መገናኘቱ ነው፡፡ (ከዚህ በታች የማነሣቸው የልደት፣ የጉዞና የሞት ዘመናት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ደጋውን ጨርሶ መካነ ሰላም ይደርሳል፡፡ ከቦረና ደጋ ወዲያ ያለው የዓባይ በረሃ ነው፤ ከዓባይ ማዶ ደግሞ መርጡለ ማርያም፡፡ መርጡለ ማርያም በንግሥት እሌኒ የታነጸች፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመንም የኢየሱሳውያን እጅ ያረፈባት ጥንታዊት ደብር ናት፡፡ አባ ገብረ ሚካኤል በዚያው በጎጃም ዲቦ በተባለ ስፍራ በ1791 ተወለዱ፡፡ በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ፡፡ በቀረው ዓይን ግን ዕድሜ ልካቸውን መጻሕፍት ሲመረምሩ ኖሩ፡፡

በመርጡለ ማርያም ተምረው መነኮሱ፡፡ በዚያ ዘመን የቤተ ክህነት ሰው ዕለቱ የሚቆጠረው በጸሎትና በንባብ ነው፡፡ ዳዊት ይደገማል፣ ውዳሴ ማርያም በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ይጸለያል፣ ስንክሳር እንደ ዕለቱ ይነበባል፡፡ 12 የሚካኤል፣ 16 የኪዳነ ምሕረት፣ 21 የማርያም፣ 27 የመድኃኔ ዓለም እየተባለ ወሩ ይዞራል፡፡ እሳቸውም የሚካኤል አገልጋይ የሚለውን ስም ተሸክመው በዚህ ሥርዓት ውስጥ አደጉ፡፡

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሳቸው፡፡ የምንኩስና ሕይወት ለምን ተዳከመ? መልሱን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ የጥንት መጻሕፍትን መረመሩ፤ በጎንደርም ተማሩ፣ አስተማሩ፡፡ ጊዜው ካራ፣ ቅባትና ጸጋ በሚባሉ ወገኖች ሊቃውንቱ የተከፋፈሉበት ነበር፡፡ ይህ ክርክር እሳቸው ከሞቱ ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1878፣ እዚያው ወሎ ውስጥ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እልባት እንደተሰጠው ልብ ይሏል፡፡

በ1841 ደጃዝማች ውቤ አዲስ ጳጳስ እንዲያመጡ ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤል አብረው ሄዱ፡፡ የልዑካኑ አጃቢ ጣሊያናዊው የላዛሪስት ካህን ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በእኛው አገር አጠራር አቡነ ያዕቆብ ነበሩ፡፡ ከካይሮ አቡነ ሰላማ ተሾመው መጡ፡፡ አባ ገብረ ሚካኤል ግን ጉዟቸውን ቀጥለው ሮም ገቡ፤ ከሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ጋር ተገናኙ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ፡፡

ከተመለሱ በኋላም የሰው ግፊት ወይም የሹመት ተስፋ አልለወጣቸውም፡፡ ዓድዋ ላይ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ለወራት መጻሕፍት እየገለጡ ተከራከሩ፤ በ1844 ወደ ካቶሊክ እምነት ገቡ፡፡ ያኔ ዕድሜያቸው ከ50 አልፏል፡፡ አንድ ሊቅ በዚያ ዕድሜ፣ ስሙ በጎንደር ከታወቀ በኋላ፣ የኖረበትን አቋም መተው ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም፡፡

እኔ ከሁሉ በላይ ልብ የምለው ያልተዉትን ነገር ነው፡፡ አቡነ ያዕቆብ በግዕዝ ሥርዓት ቀድሰዋል፣ የአገሩን ልብስና ልማድ ይዘዋል፡፡ አባ ገብረ ሚካኤልም ግዕዛቸውን፣ ዳዊታቸውንና በዓላቱን ይዘው ቀጠሉ፡፡ በአዲግራት አቅራቢያ በጓላ በተከፈተው ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተማሩ፤ የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ በማዘጋጀትና በግዕዝ ሰዋስው ላይ ደከሙ፡፡ በጃንዋሪ 1 ቀን 1851፣ ወደ 60 ዓመታቸው ገደማ፣ በአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስና ተቀበሉ፡፡

ፈተናው የመጣው በ1854 ነው፡፡ ደጃዝማች ካሣ አገሪቱን በአንድ ዘውድና በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር ለማምጣት ተነሥተው ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው ነበር፡፡ የሱስንዮስ ዘመን ደም መፋሰስ ገና ያልተረሳበት አገር ስለሆነ ሥጋታቸው መነሻ አልነበረውም ማለት አይቻልም፡፡ የዚያ ሥጋት ዋጋ ግን በጥቂት ያልታጠቁ መነኮሳት ላይ አረፈ፡፡ አቡነ ያዕቆብ ታስረው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፡፡ አባ ገብረ ሚካኤል ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር ጎንደር ላይ በእግር ብረት ቀሩ፤ ተገረፉም፡፡ ሃይማኖታቸውን እንዲክዱ ደጋግመው ቢጠየቁም አሻፈረኝ አሉ፡፡

በሜይ 31 ቀን 1855 ከዘውዱ በኋላ ቴዎድሮስ በተባሉት ንጉሠ ነገሥት ፊት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፡፡ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን አማልደው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፡፡ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው በሰንሰለት እንደታሰሩ ከዘመቻው ጦር ጋር እየተጎተቱ ተጓዙ፡፡ ጦሩ በዚያ ዓመት ፊቱን ያዞረው ወደ ወሎ ነበር፡፡ በኦገስት 28 ቀን 1855 መንገድ ላይ አረፉ፡፡ ጠባቂዎቻቸው ሰንሰለቱን ፈትተው ቀበሯቸው፡፡

ሮም በ1926 ብፅዕናቸውን አወጀች፤ መምህራቸው አቡነ ያዕቆብም በ1975 ቅዱስ ተብለዋል፡፡ ጎጃምንና ወሎን የሚያቅፈው የባሕር ዳር-ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት በግዕዝ ሥርዓት የተቋቋመው ግን በ2015 ነው፤ እሳቸው ካረፉ ከ160 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፡፡

የአባ ገብረ ሚካኤልን ምርጫ መቀበልም አለመቀበልም ይቻላል፤ ብዙው አንባቢ እንደማይቀበለው አውቃለሁ፡፡ እኔ የምለው ሌላ ነው፡፡ ያሰሯቸውም ሆነ እሳቸው የሚደግሙት አንድ ዳዊት፣ የሚያከብሩት አንድ ሚካኤል ነበር፡፡ ልዩነቱ የመጣው አንዱን መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ከማንበብ ነው፡፡ ያንን ልዩነት በክርክር ማቆየት ይቻል ነበር፤ በሰንሰለት መፍታት የተፈለገ ዕለት ግን አገሪቱ አንድ ሊቅ አጣች፡፡ ዛሬም በሃይማኖትም ሆነ በሌላው ጉዳይ የተለየ የሚያነብ ሰው ሲገጥመን መጀመሪያ የምንዘረጋው መጽሐፉን ነው ወይስ ሰንሰለቱን? ነሐሴ 24 በመጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ቢታወሰን ክፉ አይመስለኝም፡፡