ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምና የሰሜን ተራሮች

ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ አንድ ታሪካዊ ሰው ጻፍ ስባል የመረጥኩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን ነው። እዚህ ቶንፒንግ የሚያድጉ ልጆቻችን ከጀበል ኩጁር በቀር ተራራ አላዩም። የደጃች ውቤ ሕይወት ደግሞ ከተራራ ተለይቶ አይነገርም። (ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ደጃች ውቤ የሰሜኑ ገዥ የራስ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። አባታቸው ሲሞቱ በ1818 ዓ.ም. ገደማ ሰሜንን ተረከቡ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ንጉሡ ጎንደር ተቀምጦ ስሙ ብቻ ሲጠራ፣ ሥልጣኑ ግን ጦር ባላቸው መሳፍንት እጅ ነበር።

የውቤ ትልቁ ጋሻ አገሩ ራሱ ነው። ሰሜን ከጎንደር በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ፣ ገደሉ እንደ ግንብ የቆመ፣ በተከዜ ሸለቆ የተከበበ ደጋ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ራስ ደጀን ሲሆን ወደ 4,550 ሜትር ይደርሳል። እኛ ያለንበት ጁባ ወደ 550 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ልጆች ልዩነቱን ከዚህ ይረዱታል። እዚያ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ገበሬው ገብስ ያመርታል፤ ከዚያ በላይ ጓሳና ጅብራ ብቻ ይበቅላል። ዋልያና ቀይ ቀበሮም የሚኖሩት በዚሁ ነው።

እንደ ነጋዴ ሳስበው የውቤ ኃይል አንዱ ምንጭ መንገድ ነበር። ከምጽዋ ተነሥቶ በዓድዋ አልፎ ተከዜን ተሻግሮ ጎንደር የሚገባው ሲራራ ነጋዴ ሰሜንን ሳይነካ አያልፍም። ሊማሊሞን በበቅሎና በአህያ መውጣት ነበረበት። መንገድ የያዘ ሰው ኬላውን ይዟል፤ ኬላ የያዘ ደግሞ ገንዘብና ጠመንጃ ያገኛል።

በ1823 ዓ.ም. ደጃች ውቤ ከራስ ማርዬ ጋር ሆነው የትግሬውን ገዥ ደጃዝማች ሰባጋድስን ወጉ። ራስ ማርዬ በጦርነቱ ሞቱ፤ ሰባጋድስም ተማርከው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ውቤ ትግራይን ጨምረው እስከ ባሕሩ መንገድ ድረስ ገዙ። ከግብፅም አቡነ ሰላማን አስመጥተው በ1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊን ደብረ ታቦር ላይ ገጠሙ። ጦራቸው ድል አደረገ። ነገር ግን ድሉን ሲያከብሩ ሳይጠነቀቁ ቀሩና ከዓሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ተመልሰው ማረኳቸው። በአባት የሚገናኙት ወንድማቸው መርሶም ከዓሊ ጋር ወግኖ ነበር። ውቤ ካሣ ከፍለው ተፈቱና አገራቸውን መልሰው ያዙ፤ የወንድም ጠብ ግን ከጠላት ጦር ይልቅ ቤት እንደሚያፈርስ ከዚህ እንማራለን።

በጃናሞራ የምትገኘውን ደረስጌ ማርያምን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። በሥራው ላይ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ አግዟል። ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት ለራሳቸው ዘውድ ነበር እየተባለ ይነገራል። ይሁንና የቋራው ካሣ ኃይሉ ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ካሸነፉ በኋላ ወደ ሰሜን ወጡ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ጦርነት ሆነ፤ ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ። ገደሉም አምባውም አላዳናቸውም። ካሣም ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አጼ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የቀባቸውም ውቤ ያስመጧቸው አቡነ ሰላማ ናቸው።

ደጃች ውቤ በእስር ኖረው በ1859 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ። ልጃቸው ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆነች፤ በእንግሊዝ አገር የሞተው ልዑል ዓለማየሁ የልጅ ልጃቸው ነው። እቴጌ ጣይቱም የወንድማቸው የራስ ብጡል ልጅ ናቸው። እንግዲህ ዙፋን ያላገኘው ቤት ሁለት እቴጌዎችን ሰጠ ማለት ነው።

ዛሬ ያንን አገር በእግር ማየት የሚፈልግ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያ ሳንቃበር፣ ቀጥሎ የጅንባርን ፏፏቴ አይቶ ግጭ፣ ከግጭ በእመት ጎጎ አፋፍ በኩል ጭነቅ ይገባል። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ከጭነቅ የቧሂትን ትከሻ ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ፣ እንደገና ወደ አምቢቆ ወጥቶ ያድራል፤ በማግስቱም ራስ ደጀን ይወጣል። አገሩ በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጉዞውን አስቸጋሪ አድርጎታል፤ እግዚአብሔር ሰላሙን ያምጣልን።

ወላጆች ሆይ! የሰሜን ተራሮች ውኃ በተከዜ ወርዶ አትባራ ከተማ ላይ ከዓባይ ይቀላቀላል። በጁባ አጠገብ የሚያልፈው ነጭ ዓባይም ቀድሞ ካርቱም ላይ ከጥቁር ዓባይ ተገናኝቶ እዚያው ይደርሳል። ልጆቻችሁን ወንዙ ዳር ስትወስዱ ይህን ንገሯቸው። የደጃች ውቤን ታሪክም ጨምሩላቸው፦ ተራራ ከውጭ ጠላት ይከልላል፣ ቤትን የሚያቆመው ግን የወንድማማች ስምምነት ነው። ማኅበራችንም የቆመው በዚሁ ነው። መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን!