በጭፈራ የተጀመረው የችግኝ ተከላ

ችግኝ በአንድ ቀን ዘመቻ ይተከላል፤ ዛፍ የሚሆነው ግን የእኔ ነው ብሎ የሚጠብቀው ሰው ሲያገኝ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በጎረቤት ኬንያ ይህን ኃላፊነት ለወጣቶች ከሰጡት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የደን ባለሙያ ሪቻርድ ሴንት ባርብ ቤከር ናቸው።

ቤከር እ.ኤ.አ. በ1889 በደቡብ እንግሊዝ፣ ሳውዝሃምፕተን ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ችግኝ የሚያፈሉ ሰው ስለነበሩ የችግኝ እንክብካቤን የተማሩት በልጅነታቸው ነው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ ካናዳ ሲሄዱ ዛፉ ተመንጥሮ በታረሰው ሜዳ ላይ አፈሩን ነፋስ ሲወስደው ተመለከቱ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የደን ሙያ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1920 በቅኝ ገዥው አስተዳደር ተቀጥረው ኬንያ ገቡ።

በኪኩዩ ሕዝብ አካባቢ ያገኙት ደን እየተመናመነ ነበር። ነጭ ሰፋሪዎች ሰፊ መሬት ይዘዋል፤ አርሶ አደሩም አዲስ ማሳ ፍለጋ ደን ይመነጥራል። ደኑን መልሶ ለማልማት በቂ በጀት አልነበረም። የአገር ሽማግሌዎችም ቢሆኑ ዛፍ ማብቀል የፈጣሪ እንጂ የሰው ሥራ አይደለም ብለው ያምኑ ነበር።

ቤከር ትእዛዝ ከማውጣት ይልቅ የሕዝቡን ባህል አጠኑ። ኪኩዩዎች ለባቄላ ዘርና ለበቆሎ አዝመራ የየራሱ ጭፈራ እንዳላቸው አስተውለው፣ ለዛፍ ተከላም ጭፈራ እንዲኖር ሐሳብ አቀረቡ። ወጣቶቹ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 1922 በናይሮቢ አቅራቢያ በምትገኘው ሙጉጋ 3 ሺህ ያህል ወጣቶች አጊጠው ተሰበሰቡ። በአለባበሱ ለሚበልጠው ጎረምሳ ሰንጋ፣ ለቆንጆዋ ልጃገረድ ደግሞ የጨሌ ሐብል ተዘጋጅቶ ነበር።

በዚያ ጭፈራ መነሻነት 50 በጎ ፈቃደኞች ተመርጠው በስዋሂሊ ዋቱ ዋ ሚቲ፣ ማለትም የዛፍ ሰዎች የተባለው ማኅበር ተመሠረተ። የአካባቢው ባላባት ጆሳያ ንጆንጆም ከጎናቸው ቆሙ። አባላቱ የአገሩን ደን ለመጠበቅ፣ በየዓመቱ 10 አገር በቀል ችግኝ ለመትከልና በየትኛውም ቦታ ያለን ዛፍ ለመንከባከብ ቃል ገቡ። የአባልነታቸው ምልክት ዛፍ የተቀረጸበት፣ በእጅ ላይ የሚታሰር ትንሽ የናስ ሳንቲም መሳይ ነበር።

ቤከር በኬንያ ሳሉ፣ አንድ ሹም በኪኩዩ ሠራተኛ ላይ የሰነዘረውን ዱላ መሐል ገብተው በገዛ ትከሻቸው ተቀብለዋል። በኋላም በናይጄሪያ ደኖች ሠርተዋል። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝ አቋቁመው ወደ ሌሎች አገሮች አስፋፉት፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም ሰሃራን አቋርጠው የበረሃውን መስፋፋት በዛፍ መግታት እንደሚቻል ለዓለም አስተማሩ። በ1982 በ92 ዓመታቸው ካናዳ ውስጥ ያረፉት፣ በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ የመጨረሻ ችግኛቸውን በተከሉ በቀናት ውስጥ ነው።

የቤከር አሠራር ዛሬም ይጠቅማል። ለአንድ ሰው 10 ችግኝ ጥቂት ይመስላል፤ ወጣቱ ግን የትኛው እንደጸደቀ፣ የትኛው እንደደረቀ አንድ በአንድ ያውቃል። ከጅምላ ቁጥር ይልቅ ለችግኙ የሚበጀው ይህ ነው። ማኅበሩም ከወጣቱ ጭፈራና ክብር ስለተነሳ ባዕድ አልሆነበትም።

በአማራ ክልል ቡሄ፣ ሻደይ፣ አሸንድዬና ሶለል የሚከበሩት በነሐሴ፣ መሬቱ ርጥበት ሳያጣ ነው። ጎረምሶችና ልጃገረዶች በየቀበሌው በሚሰባሰቡበት በዚያ ሰሞን፣ ለእያንዳንዳቸው ከአካባቢው ዋንዛ፣ ወይራ ወይም ጽድ በስማቸው ጥቂት ችግኝ መስጠትና በበጋው ወር ተመልሶ መጠየቅ ብዙ በጀት አይፈልግም። ከወረዳ ባለሙያው የሚጠበቀው ችግኙን ቀድሞ ማፍላት፣ ከወላጅም ከብቱን ከተከላው ቦታ መከልከል ነው።