ቪቶሪዮ ኤርስፓመር፦ ሴሮቶኒንን በሆድ ዕቃ ውስጥ ያገኙት ተመራማሪ

ብዙ ሰው ሴሮቶኒን ሲባል የሚያስበው ስለ ድብርትና ስለ ደስታ ነው። ይሁን እንጂ በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንጀት ውስጥ ነው። ንጥረ ነገሩ በመጀመሪያ የታወቀውም በዚያው በሆድ ዕቃ ውስጥ ሲሆን፣ ያገኙት ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ኤርስፓመር ናቸው።

ኤርስፓመር እ.ኤ.አ. በ1909 በማሎስኮ ተወለዱ። ይህች የተራራ መንደር ዛሬ በሰሜን ጣሊያን ትገኛለች። ሕክምናን በፓቪያ ተምረው በ1935 ተመረቁ። ወጣቱ ሐኪም ትኩረታቸውን የጣሉት በጨጓራና በአንጀት የውስጥ ሽፋን ላይ ተበታትነው በሚገኙ ኢንተሮክሮማፊን በሚባሉ ህዋሶች ላይ ነበር። ከጥንቸል ጨጓራ ሽፋን ያወጡት ፈሳሽ ጡንቻን ያኮማትር ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ይህ አድሬናሊን ነው አሏቸው። እሳቸው በኬሚካል ምርመራ አድሬናሊን አለመሆኑን አሳዩና በ1937 ኢንተራሚን ብለው ሰየሙት።

በ1948 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ሌሎች ሳይንቲስቶች የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር ከደም ለይተው ሴሮቶኒን አሉት። በ1952 ኤርስፓመርና ባልደረባቸው አሴሮ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አረጋገጡ። የቀረው ስም ግን የአሜሪካኖቹ ነው። ያሳዝናል፤ ኢንተራሚን የሚለው ስም ቢጸና ኖሮ ንጥረ ነገሩ የአንጀት መሆኑን ታካሚ ሁሉ ከስሙ ይረዳ ነበር።

ዛሬ አሠራሩ በደንብ ይታወቃል። ምግብ የአንጀትን ግድግዳ ሲገፋ እነዚያ ህዋሶች ሴሮቶኒን ይለቃሉ። ሴሮቶኒኑ በአቅራቢያው ያሉትን የነርቭ ጫፎች ይቀሰቅሳል፤ ነርቮቹም መልእክቱን እርስ በርስ ይቀባበላሉ። ከምግቡ በስተኋላ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ከፊቱ ያለው ይላላል፤ ምግቡም ወደፊት ይሄዳል። ሴሮቶኒን ሲበዛ ግን ቬገስ የተባለው ነርቭ ለአንጎል ምልክት ይልካል፤ ሰውየውንም ያቅለሸልሸዋል። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች የሚያስመልሱት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ኦንዳንሴትሮን ደግሞ ሴሮቶኒን በነርቩ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በመዝጋት ማስመለሱን ይከላከላል፤ የሆድ ድርቀት ሊያመጣ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችን ሲጀምሩ ማቅለሽለሽ ወይም ተቅማጥ ቢያጋጥምዎ መነሻው ይኸው የአንጀት ሴሮቶኒን ነው። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ከብዶ ከታየዎ መድኃኒቱን በራስዎ ከማቆም ይልቅ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ኤርስፓመር በኋላ በባሪ፣ በፓርማና በሮም አስተምረዋል። ከእንቁራሪት ቆዳም በርካታ ንጥረ ነገሮችን አውጥተዋል፤ ከእነዚህ አንዱ ሴሩሊን የሐሞት ከረጢትን የሚያኮማትር ነው። በ1999 በ90 ዓመታቸው ሮም ውስጥ አረፉ።